አዲስ አበባን በጥላ በጥላው

ፀሐይን እንዴት እንደሚውሉባት የበረሃ ሰው ያውቃል። አክስቴ ለፋሲካ ከሎጊያ መጥታ ቤተሰቡን ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ይዘን የዞርን ጊዜ ይህን በደንብ አየሁ። ከተማውን የማውቀው እኔ ነኝ። ቀኑን የመራችው ግን እሷ ናት።

ሎጊያ አፋር ውስጥ፣ ሰመራ አጠገብ፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች የንግድ ከተማ ናት። በሙቀቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ሰው ሌሊት አልጋውን ደጅ አውጥቶ ነው የሚተኛው። እቴቴ፣ እኛ እንዲህ ነው የምንላት፣ እዚያ ሱቅ ከፍታ ዓመታት ኖራለች። አዲስ አበባ ስትገባ ታዲያ ሹራብ፣ በላዩ ጃኬት፣ በዚያ ላይ ጋቢ ደርባ ነበር። ልጆቼ በቲሸርት ሆነው «ሞቀን!» ሲሉ እሷ «ኧረ መስኮቱን ዝጉልኝ» ትላለች።

የምንጎበኘውን ስዘረዝርላት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ጥላው በስንት ሰዓት የት ነው ያለው?»

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ አይከብድም። ግን ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ጨረሩን ብዙም አያስቀርም። ንፋሱ እያቀዘቀዘህ ቆዳህ ይቃጠላል። በዚያ ላይ በሚያዝያ መጀመሪያ ሰሞን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ነው የምትቆመው። ግድግዳ ተጠግቶ መሄድ አይጠቅምም፣ ግድግዳው ራሱ ጥላ የለውም። አምስት ኪሎ ስንደርስ ትንሹ ልጄ መሬት መሬቱን እያየ «ጥላዬ የት ሄደ?» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። እቴቴ «ከጫማህ ሥር ተደብቋል፣ እሱም ሞቆት ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ጥላውን ላለመርገጥ እየዘለለ መጣ።

የእሷ ስሌት ይህ ነበር፤ ከላይ ተጀምሮ ቁልቁል ይወረዳል። ጠዋት ዛፍ ያለበት፣ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ጣሪያ ያለበት፣ ሜዳው ለማታ። ውሃ ሳይጠማ ይጠጣል። ይኼኛው ያልታሰበ መዘዝ አለው፦ ሁሉም ጠጥቶ ስለወጣ በየደረስንበት መጀመሪያ የጎበኘነው ሽንት ቤት ነው። ልጆች ይዞ የሚወጣ ሰው ይህንንም አብሮ ያስብበት።

አባዬ ግን ስሌት ውስጥ አልገባም። ጥቁር ሱፍ ከነከራቫቱ ለብሶ ወጣ። «ምኒልክ ፊት በሸሚዝ ፎቶ አልነሳም» አለ። እቴቴ አልተከራከረችውም። ኮቱን አስወልቃ ለልጆቹ በየተራ እንዲይዙት ሰጠች፣ ትልቁን ጃንጥላዋን ዘርግታ ከጎኑ ሄደች። የሚያዩን ሰዎች ሽማግሌው ንጉሥ ይመስሏቸው ነበር መሰለኝ፣ መንገድ ይለቁልናል።

በራይድ ስድስት ኪሎ ወጣን። የካቲት 12 ሐውልት ሥር ጥቂት ቆምን፤ ለልጆቹ በ1929 ፋሽስቶች በከተማው ሕዝብ ላይ ያደረሱትን ጭፍጨፋ አባዬ በራሱ አነጋገር ነገራቸው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ከዛፎቹ ሥር። የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ ሙዚየም ነው፣ የንጉሠ ነገሥቱ የኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ይታያል። ትንሹ ገንዳውን ሲያይ ዓይኑ በራ። «ውሃ አለው?»

ፀሐይዋ ስትበረታ ብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤት ውስጥ ነበርን። እዚያ ነው እቴቴ ፊቷ የተለወጠው። ድንቅነሽ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘች የአፋር ሰው ናት፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች። እቴቴ መስታወቱን ተጠግታ «የሀገሬ ልጅ፣ አንቺም ብርዱን ለመድሽው?» አለቻት። አጠገባችን የነበሩ ተማሪዎች ሳቁ። ከዲኪካ የተገኘችውን ሕፃን ሰላምን ስታይ ደግሞ ዝም ብላ ቆየች። ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ናት። «ማን ይሆን ያዘላት?» አለች፣ እኔም ስለዚያ አስቤ አላውቅም ነበር።

ትልቋ ልጄ ድንቅነሽ ያንን ሙቀት እንዴት እንደቻለችው ጠየቀች። ያን ዘመን ሐዳር እንደዛሬው ደረቅ አልነበረም፤ ዛፍም ወንዝም ሐይቅም ነበረው አልኳት። እቴቴ እጇን አጨበጨበች። «አላልኳችሁም? ጥላ ነበራት!»

ምሳ ላይ ጠብ ተነሣ። እቴቴ በፀሐይ መሃል ቅባት አይበላም ብላ ሽሮ አዘዘች። አባዬ «ከ55 ቀን ጾም በኋላ? በፋሲካ ሳምንት?» ብሎ ጮኸ። ሥጋው ለማታ ተላለፈ። ከሰዓት በኋላ ማንም እንቅልፍ ሳይጥለው ስለሄደ በዚህ እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

አራት ኪሎ ሥላሴ ካቴድራል ገባን። ጫማ አውልቆ ቀዝቃዛ ወለል መርገጥ በዚያ ሰዓት ጸጋ ነው። ከዚያ ወደ ፒያሳ ያለው አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊና ደስ የሚል ነው፣ ግን የተተከሉት ዛፎች ገና አላደጉም። እነሱ እስኪያድጉ ድረስ ከ10 ሰዓት በፊት በዚያ በእግር እንድትሄዱ አልመክርም።

ጊዮርጊስ ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። አባዬ ኮቱን ለበሰ፣ ከራቫቱን አስተካከለ። በጥቅምት 1923፣ በኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ከተመረቀው የምኒልክ ሐውልት ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። ላብ የለ፣ መጨማደድ የለ። በሕይወቱ ከተነሳቸው ፎቶዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። እቴቴ ከጎኑ በጋቢ ተጠቅልላ «ቶሎ በሉ፣ በረደኝ» ትላለች።

ክትፎው ላይ ልጆቹ ለክረምት እረፍት ሎጊያ እንሂድ ብለው ያዙን። እቴቴ ሁሉንም ጉርሻ አጎረሰችና «በጥር ኑ» አለች። «በሰኔ ለመጣ እንግዳ በር አልከፍትም።»