ሰኔ ላይ ኖርዌይ 😂

ዛሬ ከስራ ወጥቼ አራት ኪሎ ከጓደኛዬ ጋር ማኪያቶ ይዘን የሰሜኑን ብርሃን (ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለቀለም ብርሃን) ለማየት ኖርዌይ ትሮምሶ ከተማ የምንሄድበትን ፕላን ስናወጣ አመሸን። እሱ ሆዬ እረፍቱ ሰኔ ላይ ስለሆነ ያኔ እንሂድ ይላል፣ አንተ ሰውዬ እዛ በሰኔ ፀሐይዋ ራሷ አትጠልቅም በየትኛው ጨለማ ልታየው ነው አልኩት፤ ወቅቱ ከመስከረም እስከ መጋቢት ነው። አረንጓዴው ብርሃን ደሞ ከፀሐይ የሚመጡ ቅንጣቶች ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ካለ ኦክስጅን ጋር ሲጋጩ የሚወጣ ነው እያልኩ ሳስረዳው አስተናጋጇ ስልኬ ላይ ያለውን የብርሃኑን ፎቶ አየት አርጋ «ፊልተር ነው አይደል?» አትልም! (ካሜራ በአይን ከሚታየው በላይ እንደሚያደምቀውስ እውነቷን ነው።) ቪዛ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ትኬት ብለን ሶፍት ላይ የደመርነውን በጀት ጠረጴዛ ስትጠርግ ይዛው ሄደች።