ናፍጣ ሞተር የገባላት ፒካፕ ፍሬኗ ለምን ደነደነ?

የቤንዚን ሞተሯ ወጥቶ ባለ 4 ሲሊንደር ናፍጣ የተገጠመላት አሮጌ ፒካፕ፣ ግቢ ውስጥ በቀስታ ስትነዳ ምንም አልታየባትም። መንገድ ወጥታ ቁልቁለት ስትጀምር ግን የፍሬኑ ፔዳል ድንጋይ ሆነ። ሹፌሩ በሁለት እግሩ ረግጦ፣ ማርሽ ቀንሶ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ ነው ያቆማት።

ጋራዥ ስትመለስ መጀመሪያ የተጠረጠረው የፍሬን ዘይቱ ነበር። በአራቱም ጎማ በኩል ከፍሬን ዘይቱ መስመር አየር ተነፈሰ፣ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ተፈታ፤ ግማሽ ቀን በከንቱ አለቀ። አየር የገባበት ፍሬን እኮ ፔዳሉ ይላላል እንጂ አይደነድንም። የደነደነ ፔዳል የሚያሳብቀው ሰርቮውን (የእግርን ጉልበት የሚያግዘውን የፍሬን ክፍል) ነው። ማረጋገጫው ደቂቃ አይፈጅም፦ ሞተር አጥፍቶ ፔዳሉን 5 ጊዜ ያህል መርገጥ፣ ከዚያ እንደረገጡ ሞተር ማስነሳት። ሰርቮው ከሠራ ፔዳሉ ከእግር ሥር ትንሽ ይሰምጣል። የእሷ ንቅንቅ አላለም። የሰርቮው ቱቦ ከማኒፎልዱ (ከሞተሩ አየር ማስገቢያ) ተነቅሎ፣ ሞተሩ እየሠራ ቀዳዳው በአውራ ጣት ሲደፈን ጣትን የሚስብ ነገር የለም።

ቤንዚን ሞተር አየሩን በካርቡሬተሩ ክዳን አንቆ ስለሚወስድ ማኒፎልዱ ውስጥ ቫኩም (የሚስብ የአየር እጥረት) ይፈጠራል፤ ሰርቮው የሚሠራውም በዚያ ነው። አብዛኛው ናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ሳያንቅ ይስባል፤ ጉልበቱ የሚመጠነው በሚረጨው ነዳጅ ነው። ስለዚህ ቫኩም ፖምፓ የግድ ነው። እንደ ቶዮታ 2ኤልና 3ኤል ባሉ ሞተሮች ፖምፓው ዲናሞው ጀርባ ላይ ተጣብቆ ይመጣል። እዚህች ፒካፕ ላይ ግን ፖምፓ የሌለው የቤንዚኑ ዲናሞ ገና ደህና ነው ተብሎ መያዣው ተስተካክሎ ተገጥሟል፤ የሰርቮው ቱቦም እንደ ድሮው ማኒፎልዱ ላይ ተሰክቷል።

የናፍጣው ዲናሞ ከነፖምፓው ሲገባ ጥንቃቄ የሚሻው ዘይቱ ነው። ፖምፓው ከሞተሩ ዘይት በቀጭን ቱቦ ይቀበላል፣ በወፍራሙ ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) ይመልሳል። መቀበያው ከተደፈነ ፖምፓው ደርቆ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። መመለሻው ከታጠፈ ደግሞ ዘይቱ ተጠራቅሞ የዘይት ማገጃ ሲሉን አልፎ ዲናሞውን ያበላሻል። ወደ ሰርቮው በሚሄደው ቱቦ ላይ ያለው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭም ተገልብጦ እንዳይገባ በአፍ ተነፍቶ ይፈተሽ፦ ከሰርቮው በኩል ሲነፋ ማሳለፍ፣ ከፖምፓው በኩል ሲነፋ መዝጋት አለበት። በቫኩም ጌጅ ሲለካ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከ500 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ ይጠበቃል፤ ደጋ ላይ አየሩ ራሱ ስለሚሳሳ ንባቡ ይወርዳል፣ ፖምፓው ደከመ ማለት አይደለም።

ዲናሞው ከተፈታ አይቀር የአርፒኤም ጌጁም (የሞተር ዙር ቆጣሪው) አብሮ ይታይ። ድሮ ምልክቱን የሚወስደው ለካንዴላ እሳት ከሚሰጠው ቦቢና ነበር፤ ናፍጣ ቦቢና ስለሌለው ከዲናሞው «ደብልዩ» (W) ከተባለው የሽቦ ማሰሪያ ጫፍ ይወሰዳል፣ ጌጁም ለዚያ የሚሆን መሆን አለበት። የነዳጅ ፖምፓው ማቋረጫ ሶሌኖይድ (ነዳጁን በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) ሽቦም ከቁልፉ ጋር ካልተገናኘ ነዳጅ አያልፍም፣ ሞተሩም አይነሳም፤ ቀጥታ ከባትሪ ከተሰጠው ደግሞ ቁልፍ ቢዘጋም አይጠፋም።

ቱቦው አዲሱ ፖምፓ ላይ ተሰክቶ ሞተሩ እንደተነሳ፣ የተረገጠው ፔዳል ሁለት ጣት ያህል ሰመጠ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ሰርቮው ለሁለት ርግጫ የሚበቃ ቫኩም ይዞ ቆየ። ቁልቁለቱ የተሞከረው ከዚያ በኋላ ነው፣ መጀመሪያ ባዶዋን፣ ቀጥሎ ተጭና።