ሰሚናርና የአርካይቭ መዝጊያ ሰዓት አንድ ቀን ሲገጥሙ

ፊዚክስ ዲፓርትመንት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሰሚናር፣ ማታ ደግሞ አርካይቭ (arXiv፣ የምርምር ጽሑፎች የሚወጡበት ድረ ገጽ) ላይ ጽሑፍ የማስገቢያው መዝጊያ ሰዓት የሚገጥምበት ቀን አለ። ያን ቀን ጠዋቱን ለጽሑፉ ስጡት። ስላይድ ላይ የተገኘች ስህተት እዚያው በአፍ ትታረማለች። አርካይቭ ላይ የወጣ ጽሑፍ ግን ቢታረምም የመጀመሪያው ቅጂ ለዘለዓለም እዚያው ይቀመጣል።

አርካይቭ የሚሠራው በአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰዓት ነው፤ የዕለቱ መዝጊያ በእነሱ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ለአራት ኪሎ ተማሪ ይህ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል፤ እነሱ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም። ሐሙስ ማታ ከመዝጊያው በፊት የገባ ጽሑፍ ዓርብ ንጋት ላይ ይወጣል። በአምስት ደቂቃ የዘገየው ግን ሰኞ ንጋትን ይጠብቃል።

በመጨረሻው ሰዓት ሰው የሚያስለቅሰው ፋይሉ ነው። በላቴክ (ቀመር ያለበትን ጽሑፍ በኮድ በሚያዘጋጀው ፕሮግራም) የተጻፈ ከሆነ ፒዲኤፉን ብቻ መላክ አይቻልም፤ ምንጩ፣ ማለትም የላቴክ ኮዱ፣ ከነሥዕሎቹ መግባት አለበት። የሥዕሉ ስም በካፒታል ፊደል ተቀምጦ ጽሑፉ ውስጥ በስሞል ከተጠራ፣ ዊንዶውስ ላይ ያለችግር ይሠራል፣ የአርካይቭ ሰርቨር ግን አላገኘሁም ይላል። ኢፒኤስና ፒኤንጂ የተባሉትን የሥዕል ፋይል ዓይነቶች መቀላቀልም ያስቸግራል፤ ሁሉንም ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩ። ማጣቀሻዎቹ በጥያቄ ምልክት ተተክተው እንዳይወጡ የማጣቀሻ ዝርዝሩን የያዘውን የቢቢኤል (.bbl) ፋይል አብራችሁ አስገቡ። አጠቃሎው (አብስትራክቱ) ከ1920 ሆሄያት መብለጥ የለበትም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስገባ ሰው ደግሞ በመስኩ የቆየ ጸሐፊ ድጋፍ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ቀናት ስለሚወስድ ባለፈው ሳምንት ማለቅ ነበረበት!

ወደ ሰሚናሩ ስንመጣ፣ ከጽሑፉ የተቀዳ ግራፍ አዳራሽ ውስጥ አይነበብም። በፊዚካል ሪቪው መጽሔት አንድ ዓምድ 8.6 ሴንቲሜትር ስፋት እንዲይዝ የተሠራ ነውና እንደገና ሣሉት፦ ቁጥሮቹ ይተልቁ፣ መስመሮቹ ይወፍሩ፣ ቀይና አረንጓዴ ብቻቸውን ልዩነት አያሳዩ። ሲቀርብም መጀመሪያ አግድሙና ቁመቱ ምን እንደሚለኩ ተናገሩ፣ ከዚያ ውጤቱን። ስላይዱን በፒዲኤፍም በፍላሽ ያዙ፤ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ቀመሮች የሚበላሹት ፎንቱ ስለሌለ ነው። ጥያቄ ሲመጣ ከመመለስ በፊት ጮክ ብሎ መድገም ከኋላ የተቀመጡትን ይጠቅማል፤ ለማሰብም ፋታ ይሰጣል።

ሰሚናሩ ሲያልቅ ሰርቨሩ የሠራውን ፒዲኤፍ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቡና ላኩ። ከተላከ በኋላ፣ ገና ለአንባቢ ሳይወጣ ስህተት ቢታይ ጽሑፉን መልሶ መሳብ ይቻላል። ነገር ግን እንደገና ሲገባ አዲስ ሰዓት ይመዘገብለታል፣ መዝጊያው ካለፈ ደግሞ ለሚቀጥለው ዙር ያድራል። ስለዚህ የደራሲያን ስም አጻጻፍና የቀመር ቁጥሮች ቢያንስ አንድ ሰዓት ሲቀር ይታዩ።