ከማዘጋጃ እስከ ለገሃር በፎሌ

አጎቴ የቤንዚን ዋጋ በጨመረ ቁጥር ክብደት ለመቀነስ ብለው ከመኪናቸው ላይ አንድ ነገር ያነሳሉ። በ2014 ክረምት ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲገባ ፖርቶ መጋላውን አስፈቱ። መስከረም 28 ቀን 2017 ወደ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ሲዘል ስኮርታ ጎማውን አውጥተው ቁም ሳጥን ላይ ጫኑት፤ አክስቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላሏቸውም። ታኅሣሥ 30 ላይ 101 ብር ከ47 ሲሆን የሚነሳ ነገር ስላለቀ ሞተሩን ማጥፋት ጀመሩ።

እየነዱ ማለቴ ነው።

ጋራዥ ስለምሠራ የዘመድ መኪና ሁሉ የኔ ዕዳ ነው። ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወሉና «አንተ ልጅ፣ ፒያሳ ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» አሉኝ። ማዘጋጃው ጋ ቆመው ጠበቁኝ። ግኝታቸው ይህ ነው፦ ከማዘጋጃ እስከ ለገሃር ቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ስለሆነ ሞተር አጥፍቶ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጎ (ጎማውን ከሞተሩ ለይቶ)፣ ፍሬን ለቅቆ መውረድ ይቻላል። «መንግሥት ድጎማውን ቢያነሳ፣ እግዜር የሰጠኝን ቁልቁለት አያነሳብኝም» አሉ።

ሒሳቡን ላስረዳቸው ሞከርኩ። መኪናቸው 1,000 ሲሲ ማንዋል ቪትዝ ናት። ከተማ ውስጥ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። መንገዱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳ ላይ ቢሆን እንኳ የሚፈጀው 0.14 ሊትር፣ በያኔው ዋጋ 14 ብር አካባቢ ነበር። ግን ሜዳ አይደለም። ኢንጄክሽን ያለው፣ ማለትም ቤንዚኑን በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭ መኪና፣ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁለት ሲወርድ፣ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ካነሳህና ሞተሩ በደቂቃ ከ1,500 ዙር ገደማ በላይ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ኢንጄክተሮቹን ጭርሱኑ ይዘጋቸዋል። ያኔ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ሞተሩ በርቶ ፎሌ ስታደርገው ደግሞ ጎማና ሞተር ይለያያሉ፤ ሞተሩ እንዳይጠፋ ኮምፒውተሩ እንደገና ቤንዚን መርጨት ይጀምራል። በፎሌ መውረድ የሚያዋጣው ኮምፒውተር በሌለው በካርቡሬተር ዘመን ነበር። ስለዚህ አጥፍቶ በፎሌ መውረድና በርቶ በሦስተኛ ማርሽ መውረድ ለቤንዚኑ ዜሮ ለዜሮ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ፍሬኑ ላይ ነው።

«ሰማሁ» አሉና ቁልፉን ወደ ኋላ መለሱት።

ቁልፉን ጨርሰው እንዳይነቅሉት ብቻ ለመንኳቸው። ከተነቀለ መሪው ይቆለፋል፤ በተቆለፈ መሪ ቸርችልን መውረድ የሚቻለው አስፋልቱ ቀጥ እስካለ ድረስ ነው። ለዚህ ምክር እሺ አሉኝ።

አወራረዱ መጀመሪያ ላይ ያምር ነበር። መስኮቱ ዝግ ነው፤ «ነፋስ መኪና ይጎትታል» ይላሉ። ይህ እውነት የሚሆነው አዳማ መንገድ ላይ ከ80 በላይ ሲነዱ እንጂ እኛ በምንሄድበት ፍጥነት አይደለም፤ ላባችን ግን ጠብ ይላል። ጎማውንም ጎሚስታ ጋ ወስደው 45 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አስሞልተውታል። የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚለው ግን 33 አካባቢ ነው። የጎማ ንፋስ ሲጎድል ቤንዚን መብላቱ ልክ ነው፤ በአንድ ፒኤስአይ ጉድለት 0.2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሲበዛ ግን ጎማው አስፋልቱን የሚነካው በመሐሉ ብቻ ስለሚሆን መሐሉ ይላጫል፣ መኪናውም ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል። ኮብልስቶን ላይ ስንገባ ደግሞ ጥርስ ለጥርስ ያጋጫል።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ፔዳሉን የሚያቀለው ሰርቮ የሚሠራው ሞተሩ በሚስበው አየር ነው። ሞተር ሲጠፋ ውስጡ የቀረው ለሁለት፣ ቢበዛ ለሦስት ርግጫ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ፍሬኑ አልጠፋም፤ ግን በጉልበት ብቻ ነው የሚይዘው። ጋሼ የመጀመሪያውን ለእግረኛ፣ ሁለተኛውን ለሚኒባስ ተጠቀሙበት። የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ የቆመበት ቴዎድሮስ አደባባይ ስንደርስ ትራፊኩ እጁን አነሳ። ሦስተኛው ርግጫ ድንጋይ ነበር።

ጋሼ በሁለት እግራቸው ፔዳሉ ላይ ቆሙ። እኔ የእጅ ፍሬኑን ጫፍ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኜ ይዤ ቀስ በቀስ ሳብኩት። አንዴ ጎትተህ ከለቀቅከው የኋላ ጎማ ይቆለፍና መኪናዋ ትዞራለች፤ ቁልፉን ተጭነህ ስትስበው ግን መጠኑን በእጅህ ትቆጣጠራለህ። ቆምን። ትራፊኩን አልፈን ነው የቆምነው።

«አባት፣ እጄን አላዩም?»

«አይቻለሁ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አልቆሙም?»

«እየቆምኩ ነበር እኮ።»

ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አስጠጋ። «ሞተሩ አይሰማም?»

«አለ። አርፏል።»

«ያስነሱትና ጥግዎን ይያዙ» አለ። ጋሼ ቁልፉን አዞሩ። ማስነሻው ሞተሪኖ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ ሞተሩ አልተነሳም። ዳሽ ቦርዱን ሳይ ብርቱካናማው የነዳጅ መብራት በርቷል። ከመቼ ጀምሮ ብላቸው «ሐሙስ» አሉኝ። ሙሉ ታንከር ክብደት ነው የሚል ሌላ ቲዎሪ አላቸው። የቪትዝ ታንከር 42 ሊትር ይይዛል፣ ቤንዚኑ ሲሞላ 31 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ በመቶ ቤንዚን ለመቆጠብ ግን 45 ኪሎ ያህል ከመኪናው ላይ ማውረድ ያስፈልጋል። እኔ ብቻዬን 70 ኪሎ እንደሆንኩ ቢያውቁ በእግሬ ስለሚልኩኝ ይህን ሒሳብ ዋጥ አደረግኩት።

መብራቱ ሲበራ ገና 6 ሊትር ገደማ ስለሚቀር ብዙ ሰው ይዳፈረዋል። ችግሩ ቁልቁለት ላይ ነው። ቤንዚኑ ትንሽ ሲሆን መኪናው ባዘነበለበት በኩል ይሸሽና ታንከሩ ውስጥ ያለው የቤንዚን ፖምፓ አየር ይስባል። ፖምፓውም የሚቀዘቅዘው በተነከረበት ቤንዚን ነው፤ በደረቁ ሲዞር ይግላል፣ ታች የተጠራቀመውንም ቆሻሻ ወደ ወንፊቱ ይስባል። ፖምፓ ማስለወጥ ከነእጅ ዋጋው ከአንድ ሙሉ ታንከር ቤንዚን ሊበልጥ ይችላል።

ድሮ ቢሆን አንድ ልጅ ጄሪካን ይዞ ይሮጥልን ነበር። አሁን በጄሪካንም በሃይላንድም መቅዳት ክልክል ነው፤ ቤንዚን በኮንትሮባንድ እንዳይወጣ ተብሎ። ስለዚህ መኪናዋ ራሷ ማደያ መድረስ አለባት። ትራፊኩ ቅጣቱን ጽፎ ከሰጠ በኋላ አዝኖልን ነው መሰለኝ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ያዘልን።

ሦስት ልጆች ከየት መጡ ሳይባል ደረሱ። «ፋዘር፣ እንግፋ?» ቁልቁለት ላይ ግን መኪና አይገፋም፣ ይያዛል። ሹፌሩ ቁልፉን ክፍት አድርጎ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ፣ የእጅ ፍሬኑን በእጁ እንደያዘ ይቀመጣል። ሌላው ከኋላ ሆኖ በእግር ፍጥነት ወደ ራሱ ይጎትታል እንጂ ከፊት ማንም አይቆምም። ከልጆቹ ትልቁ ይህን ሲሰማ «ግፊያ ሳይሆን መያዣ ከሆነማ ዋጋው ይለያል» አለ። ተከራከሩ። የተስማሙበት ዋጋ ጋሼ በቁልቁለቱ ሊቆጥቡ ካሰቡት 14 ብር ጋር አይወዳደርም፤ ስንት እንደሆነ ለአክስቴ እንዳልናገር አስምለውኛል።

ታች ያለው ማደያ ሰልፉ ረዥም ነበር። እዚያ ግን ክብራችን ተመለሰ፤ ሰልፍ ላይ ሞተር የሚያበራ ሰው ስለሌለ፣ ሁሉም ወርዶ በእጁ ስለሚገፋ፣ የኛ መቆም አልታወቀም። ሰልፈኛው ልክ ነው። ትንሽ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከ0.6 እስከ 0.8 ሊትር ይበላል፣ የአንድ ሰዓት ሰልፍ በያኔው ዋጋ 70 ብር ገደማ ማለት ነበር። ማስነሻው የሚፈጀው ግን ቆሞ ሲሠራ በ10 ሰከንድ ከሚበላው አይበልጥም። ባትሪና ሞተሪኖው ጤነኛ ከሆነ ከአንድ ደቂቃ በላይ ለሚያቆም ነገር ማጥፋት ያዋጣል። ቆሞ፣ ጋሼ። ቆሞ።

ክፍያው ላይ ደግሞ ጋሼ ዳታ አይገዙም። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ቤንዚን በጥሬ ገንዘብ አይቀዳም፤ እሳቸው ግን የመቶ ብር ኖቶች ቆጥረው ለልጅቷ ዘረጉላት። «አባባ፣ በቴሌብር ነው።» ያለ ዳታም *127# ይሠራል ብዬ ስልኩን ስቀበል ባትሪው ሦስት በመቶ ይላል። ከኋላችን ክላክስ ጀመረ። የሚስጥር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ነገሩኝ፤ ማደያው በሙሉ ሰማ። የ1,000 ብር ቀዳን፣ 9.85 ሊትር።

ቤንዚን አልቆ የቆመ መኪና እንደተቀዳ ወዲያው በሞተሪኖ አይደበደብም። ቁልፉን ሞተር ሳታስነሳ ክፈት፣ ከኋላ ወንበር ሥር የፖምፓው እዝዝ የሚል ድምፅ ለሁለት ሰከንድ ይሰማል፣ ዝጋ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግመህ አስነሳ። ተነሳች።

ጋራዥ ወስጄ ኮፈኑን ስከፍት ቤንዚኑን የሚበላው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን የሚያግደው ቴርሞስታት የላትም። አንድ መካኒክ «አዲስ አበባ ላይ አያስፈልግም» ብሎ ያወጣላቸው ነው፤ ጋሼም ከሚነሱ ነገሮች መዝገብ ላይ በደስታ አስገብተውታል። ያለሱ ውኃው ገና ሳይሞቅ ወደ ራዲያተር ስለሚዞር ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፣ ኮምፒውተሩም ጠዋት የተነሳ ሞተር ነው ብሎ ቤንዚን ያበዛለታል። መመርመሪያው ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ አስነሳና የራዲያተሩን የላይኛውን ጎማ በእጅህ ያዝ። ቴርሞስታት ካለ ጎማው ለደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና 82 ዲግሪ አካባቢ ሲከፈት በድንገት ይግላል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ለብ እያለ ከመጣ የለም ማለት ነው። ጎማው የጋሼ እጅ ውስጥ ለብ አለ።

አዲሱን ስገጥም ከላይ ቆመው «ደግሞ ክብደት ጨመርክብኝ» አሉ። ንፋሱንም ወደ 33 አወረድኩት፤ ለዚያ ደግሞ «የተከፈለበት ነው» ብለው ተቆጡ።

ቴርሞስታቱን ስጨርስ አንድ ኤሌክትሪክ መኪና ያለ ድምፅ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ጥር 2016 ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በዝተዋል። ጋሼ ዞረው አዩት። ቤንዚን አለመብላቱን ያውቃሉ። ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ዲናሞ እየዞረ ባትሪውን መልሶ እንደሚሞላ ግን አያውቁም ነበር፤ እኔ ነኝ የነገርኳቸው።

ረዥም ዝምታ ሆነ።

«አንተ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፤ «እንጦጦ ላይ የሚከራይ ቤት ታውቃለህ?»