አንድ ፕሮሰሰር፣ ሦስት ዓይነት ሙቀት

ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሐምሌ ላይ አንድ ደንበኛዬ ከኮምቦልቻ ኮምፒውተራቸውን ይዘው መጡ። የሰርግ ቪዲዮ ነው የሚያቀናብሩበት። «ፋኑ እንደ ወፍጮ እየጮኸ አላሠራ አለኝ» አሉኝ።

ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ዋናው የኮምፒውተሩ ቺፕ፣ የኤኤምዲ ኩባንያ ራይዘን 7 1700ኤክስ ነው። ፍላሼ ላይ በነበረ የቆየ ፕሮግራም አየሁት። ሥራ ፈትቶ እንኳ 61 ዲግሪ ይላል። ደነገጥኩ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ እኔ ጋቢ ደርቤያለሁ፣ ይሄ ነገር ከየት መጣ? ፈታሁት፤ ከቺፑ ሙቀት የሚያስተላልፈውን የደረቀ ፔስት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። 59 ሆነ። ጋሼን ፋን አስገዛኋቸው። 58።

ሌላ ፕሮግራም የጫንኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኤችደብልዩኢንፎ ለአንዱ ፕሮሰሰር ሦስት ቁጥር አወጣልኝ፦ 58፣ 38 እና 33። ያን ቀን ቁጭ ብዬ አነበብኩ።

ኤኤምዲ 1700ኤክስ እና 1800ኤክስ ላይ 20 ዲግሪ ሆን ብሎ ይደምራል። ፋኑ በሁሉም ሞዴል ላይ በአንድ ሥርዓት እንዲዞር ነው። ይህንንም በ2017 ራሱ ገልጿል። 2700ኤክስ ላይ ጭማሪው 10 ነው። እንግዲህ 58ቱ ለፋን መቆጣጠሪያ የተሰላ ቁጥር፣ 38ቱ ደግሞ እውነተኛው የቺፑ ሙቀት ነው። የቆየው ፕሮግራሜ 20ውን መቀነስ አያውቅም ነበር። 33ቱ የማዘርቦርዱ ንባብ ነው። ሴንሰሩ ከቺፑ ውጭ ስለሆነ ሥራ ሲከብድም ቀስ ብሎ ነው የሚከተለው።

በሌላው አምራች በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ሴንሰሩ የሚናገረው ከጣሪያው፣ ማለትም ለቺፑ ከተፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት፣ ስንት ዲግሪ እንደቀረ ነው። ፕሮግራሙ ያንን ከጣሪያው ቀንሶ ያሳያል። ጣሪያው 105 ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ 100 ብሎ ከያዘ፣ ንባቡ 5 ዲግሪ ዝቅ ይላል።

አሁን ሳወዳድር ሁለት ፕሮግራም አብሬ አልከፍትም፤ አንዱን የማዘርቦርድ ቺፕ ሲሻሙ ንባቡ ሊዛባ ይችላል። ያንኑ ቪዲዮ ለ10 ደቂቃ አሠራዋለሁ፣ የክፍሉንም ሙቀት በቴርሞሜትር እመዘግባለሁ። ኮምፒውተር ከመፍታቴ በፊት ደግሞ የማነበው ቁጥር የየትኛው ሴንሰር እንደሆነ አጣራለሁ። ጋሼን አላስፈላጊ ወጪ ያስወጣኋቸው ይህን ባለማድረጌ ነው፤ አሁንም ይቆጨኛል።

የፋኑን ዋጋ ልመልስላቸው ስል «አብሽር ልጄ» ብለው እምቢ አሉ። በግድ አስያዝኳቸው። ጩኸቱ ግን ገና መልስ አላገኘም ነበር፤ ስለዚህ በሐረጎ ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ ሱቃቸው ድረስ ሄድኩ። ኮምፒውተሩ በር ያለው የእንጨት ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰክቶ አገኘሁት። ደሴ ላይ ክፍሉ 17 ዲግሪ ሆኖ በዚያው ቪዲዮ ፕሮሰሰሩ 63 ደርሶ ነበር። እዚህ ክፍሉ 26 ነው፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ 79 አለ። አውጥተን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፦ 71። በክፍሎቹ መካከል ያለው ልዩነት 9፣ በንባቦቹ መካከል ያለው 8። ፋኑም ድምፁን ቀነሰ። ጋሼ አናጺ ጠርተው የቁም ሳጥኑን ጀርባ አስነቀሉት።