ልጅ በስንት ዓመቱ ትምህርት ቤት ይግባ?

ሰሞኑን ምዝገባ ስለሆነ የእናቶች ወሬ ሁሉ ይሄው ነው፣ የኔዋ ሶስት ስለሞላት ዘንድሮ ነርሰሪ ካልገባች ትቀደማለች እያሉኝ ነው። በማን ነው የምትቀደመው? አንደኛ ክፍል እኮ በ7 ዓመት ነው የሚገባው፣ ፊንላንዶችም በ7 ነው የሚጀምሩት፣ ሰነፍ ናቸው ሲባሉ ሰምቼ አላውቅም። ድሮማ የልደት ሰርተፍኬት ስለሌለ ቀኝ እጅህን ባናትህ ላይ አዙረህ ግራ ጆሮህን ንካ ይባል ነበር፣ ከነካህ ገባህ፣ ካልነካህ ለከርሞ ና። ያን ያህልም ሞኝነት አልነበረም፣ ቢያንስ የሚያዩት ልጁን ነው፣ አሁን የሚታየው የወላጅ ኪስ ነው (ቄስ ትምህርት ቤት በ4 ዓመቱ ፊደል የቆጠረም ሞልቷል በሉኝ፣ እሺ፣ ግን ሆምወርክ ይዞ ቤቱ አይመጣም ነበር)።

የጎረቤቴ ልጅ ኤልኬጂ (ከነርሰሪ ቀጥሎ ያለው ክፍል) ነው፣ ማታ እርሳሱን በሙሉ መዳፉ ጨብጦ አንድ ገፅ ሙሉ ያንኑ ፊደል ይደጋግማል፣ በላጲስ ፍቆ ፍቆ ወረቀቱን ይቀደዋል፣ እናትየው ትቆጣለች እሱ እንቅልፉ መጥቷል።

እኔ ዘንድሮ አላስገባትም። 5 ሲሞላት እናያለን፣ እስከዛ አያቷ ጋር ትውላለች። የሚሯሯጡበት ግቢ ያለው መዋዕለ ህፃናት የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፣ ክፍያውንም አብራችሁ።