ውሃው ውስጥ የቆመው ሰው

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ነገ ከተራ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ወጣቶቹ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅሉ አምሽተዋል፤ ለታቦታቱ የሚነጠፈው ቀይ ምንጣፍም ተጠቅልሎ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። በየዓመቱ በዚህ ምሽት የምልክላችሁ ሰላምታ አጭር ነበር። ዘንድሮ ግን ከክረምት ጀምሮ በልቤ ሳብሰለስለው የቆየሁት ነገር አለና ታገሡኝ።

ክረምቱን የእህቴ ልጅ እኛ ዘንድ ነበረች። ማታ ማታ «ዘ ላስት ኪንግደም» የተባለውን ተከታታይ ፊልም ታያለች። የሰይፍና የጋሻ ጨዋታ ብቻ መስሎኝ ሁለት ቀን ጀርባዬን ሰጥቼ ሳነብ አመሸሁ። በሦስተኛው ቀን ቀና ስል አንድ ፊቱ የገረጣ፣ ሆዱን የሚያመው ንጉሥ ተንበርክኮ ሲጸልይ አየሁ። መጽሐፌን አጠፍሁ። ከዚያች ማታ ወዲህ እራት እንኳ የሚቀርበው ፊልሙ ሳይጀምር ሆነ።

ንጉሡ አልፍሬድ ነው። ዘመኑ 9ኛው ክፍለ ዘመን፤ ዴንማርኮች የእንግሊዝን ምድር አንድ በአንድ ይዘው የአልፍሬድ ግዛት ዌሴክስ ብቻ የቀረችበት ጊዜ። ታሪኩን የሚሸከመው ግን ኡትሬድ የሚባል የፈጠራ ሰው ነው። ሳክሶን፣ ማለትም ከአገሬው ሰው ወገን፣ ሆኖ ተወልዶ በዴንማርኮች እጅ ያደገ፣ የአሳዳጊዎቹን አማልክት የሚያመልክ፣ ሰይፉን ግን ለክርስቲያኑ ንጉሥ በመሐላ ያስገዛ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 8 ክፍሎች አሉት፤ በኤዲንግተን ጦርነት ይዘጋል። ልጅቷ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ስታልፍ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አሸናፊው ድል ያደረገውን ሰው ምን አደረገው? ይህን ሳላውቅ መቀጠል አልቻልሁም።

መጽሐፉን ፍለጋ ወጣሁ። በርናርድ ኮርንዌል የጻፋቸው ልብ ወለዶች 13 ናቸው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2004 እስከ 2020 የታተሙ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአንድ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ሦስተኛውን አገኘሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ደግሞ ነጋዴው በሳምንቱ ፈልጎ አመጣልኝ። አሁን ሰባተኛው ላይ ነኝ። በፊልሙ አልፍሬድን የምናየው በካሜራ ዓይን ነው። በመጽሐፉ ግን የሚተርከው ያረጀው ኡትሬድ ራሱ ነው፤ ንጉሡን ይጠላዋል፣ ይታዘበዋል፣ ደግሞም ከልቡ ያከብረዋል። እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ በየመጽሐፉ መጨረሻ ያለው ማስታወሻ ነው። ደራሲው እዚያ ላይ ይህ በእርግጥ የተፈጸመ ነው፣ ይህን ግን እኔ ጨመርሁት ብሎ ለአንባቢው ይናገራል። አንባቢውን የሚያከብር ደራሲ እንዲህ ነው።

ያ ማስታወሻ የአንግሎ ሳክሶን ዜና መዋዕል ወደሚባለው ጥንታዊ የእንግሊዞች መዝገብ መራኝ። በ878 ዓመተ ምሕረት በእነርሱ አቆጣጠር፣ ከገና በኋላ 12 ቀን እንዳለፈ፣ የዴንማርኮቹ ንጉሥ ጉትረም ድንገት ዌሴክስን ወረረ። አልፍሬድም ወደ ረግረግ ሸሽቶ ተደበቀ። የእኛም ጥምቀት ከገና በ12ኛው ቀን መሆኑን ልብ በሉ። በዚያው ዓመት አልፍሬድ ተመልሶ ኤዲንግተን ላይ ድል አደረገ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉትረም ከ30 ታላላቅ ሰዎቹ ጋር መጥቶ ተጠመቀ፤ የክርስትና አባቱም አልፍሬድ ሆነ። የክርስትና ስሙ አትልስታን ተባለ። በሜሮን የተቀባው ራሱ የታሰረበት ጨርቅ ሌላ ስፍራ በሥርዓት ተፈታለት፤ 12 ሌሊት በንጉሡ ዘንድ ሰንብቶ ስጦታ ተቀበለ። እኛ ለተጠማቂው ማዕተብ እናስራለን፣ እነርሱ ደግሞ ይፈታሉ። ዜና መዋዕሉ ጉትረም ምን እንደተሰማው አንዲት ቃል አይናገርም።

ይህን ሳነብ ነበር ቦሩ ሜዳ ትዝ ያለኝ።

በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1878፣ ማለትም በእኛ 1870፣ ዐፄ ዮሐንስ በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። የወሎው ገዥ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ሆኑ። ከጉትረም በኋላ ልክ 1000 ዓመት! ብዕሬን አስቀምጬ ደጋግሜ ቆጠርሁት። ራስ ሚካኤል በዐድዋ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ተዋግተዋል፣ የምኒልክን ልጅ አግብተው ልጅ ኢያሱን ወልደዋል፣ በ1909 በሰገሌ ተሸንፈው ተማርከዋል። ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። ሙስሊሙ ክርስትናን እንዲቀበል ያስገደደው የዚያ ጉባኤ ውሳኔ በወሎ ሙስሊም ሕዝብ ላይ ያመጣውን መከራ፣ ስደቱንና የሼህ ጦልሃን አመፅ ግን ያነበብሁት ጎልምሼ ነው። በውሃው ውስጥ የቆሙትን ሰው ልብ የሚያሳይ ገጽ ደግሞ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ስለ ቴዎድሮስ ብርሃኑ ዘሪሁንም አቤ ጉበኛም ልብ ወለድ ጽፈውልናል፤ የመቅደላን ስሜት የማውቀው ከእነርሱ ነው። ቦሩ ሜዳን እንዲህ አድርጎ የሚያሳየኝ መጽሐፍ እናፍቃለሁ።

ነገሩ ለእኔ ከመጽሐፍም ያለፈ ነው። የእናቴ ወንድም ሙስሊም ነው። ለጥምቀት በየዓመቱ ከደሴ ይመጣል። ሁለት በግ ይታረዳል፣ አንዱን እርሱ ያርዳል፤ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ሳቁ ግን አንድ ላይ ነው። ትናንት ማታ ቡና እየተፈላ የጉትረምንና የራስ ሚካኤልን ነገር አጫወትሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ስኒውን ካስቀመጠ በኋላ፣ «እናቱስ ልጄ? ከዚያ በኋላ እናቱ በየትኛው ስሙ ትጠራው ነበር?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱን ሙሉ ያቺ ሴት ከዓይኔ አልጠፋችም፤ ከደጅ ቆማ፣ ልጇ ነጭ ለብሶ ሲመጣ፣ አፏን ከፍታ ስም ስትመርጥ።

በቤታችሁ ሁለት ስም የነበረው አያት ወይም ቅድመ አያት ካለ፣ ከበዓሉ በኋላ ጻፉልኝ፤ ቤት ውስጥ በየትኛው ስም ይጠራ እንደነበር ጭምር። ነገ ታቦታቱ ሲወርዱ እኔ ከእህቴ ልጅ ጋር ጃንሜዳ ነኝ። አጎቴም እንደ ወትሮው ወንበሩን ደጃፍ ላይ አውጥቶ ያሳልፋቸዋል።

መልካም የጥምቀት በዓል ይሁንላችሁ።